«ፓይተን» ሲባል «አቤት» የሚለው የትኛው ነው?

በአንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ከበደዎች ያሉ እንደ ሆነ ችግሩ የሚታወቀው ኃላፊው ከውስጥ ሆነው «ከበደ!» ብለው የተጣሩ ዕለት ነው። ሞክሼዎቹ ይተያያሉ። ወይ ሁለቱም ይነሣሉ፤ ወይ እያንዳንዱ ሌላው የተጠራ መስሎት ተቀምጦ ይቀራል። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን ማንም ሳይደነግገው ልማድ ይፈጠራል። «ከበደ» ብቻ ሲባል በር አጠገብ የሚቀመጠው ይነሣል፤ ሁለተኛው የተፈለገ እንደ ሆነ ከነአባቱ ስም ይጠራል። ልማዱ ከጸና በኋላ ሁለቱ ወንበር ቢለዋወጡ፥ መልእክቱ ሁሉ ከማይገባው ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ይከርማል።

ኮምፒዩተርም ይኸው የሞክሼ ጣጣ አለበት። ዛሬ ተማሪዎችም ሆኑ የሒሳብና የስታቲስቲክስ ሠራተኞች ከሚገለገሉባቸው የፕሮግራም ቋንቋዎች አንዱ ፓይተን ነው። ሰው በፓይተን የጻፈውን ትእዛዝ ኮምፒዩተሩ በቀጥታ አያነበውም፤ በመካከል ሆኖ እያነበበ የሚያስፈጽም አስተርጓሚ አለ። ይህ አስተርጓሚ እንደ መዝገበ ቃላት በየጊዜው እየታረመ አዲስ እትም ይወጣለታል። አዲሱ ሲገባ አሮጌው የግድ አይወጣም፤ ሦስትና አራት እትሞች በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ። ታዲያ ሰውየው ቁጥሩን ሳይጠቅስ «ፓይተን» ብሎ ብቻ ቢጽፍ የሚነሣው የትኛው ነው?

ይህ የባለሙያዎች ብቻ ክርክር የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሆነውን ላውጋው።

ጊዜው 2011 ዓ.ም. ነው። በቅርቡ ተመርቆ በሒሳብ ክፍል የተቀጠረ አንድ ወጣት፥ ወር ሙሉ ያልሠሩ ሰዎችን ደመወዝ የምታሰላ አጭር ፕሮግራም በራሱ ላፕቶፕ ላይ ጻፈ። ሒሳቡ ቀላል ነው። በእኛ አቆጣጠር ወር ሁሉ፥ ከጳጉሜን በቀር፥ 30 ቀን ስለ ሆነ የወሩ ደመወዝ ለ30 ይካፈላል፤ የተገኘው ደግሞ በተሠራው ቀን ይባዛል። ወጣቱ ፕሮግራሟን ደጋግሞ ፈተናት፤ ልክ ነበረች። ከዚህ በኋላ ሰርቨር ወደሚሉት ወደ መሥሪያ ቤቱ ትልቅ ኮምፒዩተር አዛወራትና በወሩ መጨረሻ «ፓይተን» ብሎ አስነሣት። ዝርዝሩ ወጣ፤ ተፈረመበት፤ ተከፈለ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሸምገል ያሉ የጥበቃ ሠራተኛ ቁራጭ ወረቀት ይዘው ገቡ።

«ልጄ፥ እኔ ሥራ የጀመርሁት በ18 ነው። እስከ 30 ድረስ 13 ቀን ነው፤ አይደለም እንዴ?»

«አዎ ጋሼ፥ 13 ቀን ነው።»

«ደመወዜ 2,000 ብር ነው። በእርሳስ ሳሰላው 866 ብር ከ67 ሳንቲም ይመጣል። የሰጣችሁኝ ግን 858 ብር ነው።»

ወጣቱ ፈገግ ብሎ ማሽን እንደማይሳሳት ሊያስረዳቸው ጀመረ። ለማረጋገጥ ያህል በስልኩ ላይ ሲደምርና ሲያካፍል ግን ፈገግታው ጠፋ። 8 ብር ከ67 ሳንቲም ጎድሏል። ዝርዝሩን አውጥቶ ሌሎቹንም ቢያያቸው የብዙዎቹ እንደዚሁ ጎድሎ ተገኘ። ከእሳቸው በቀር እርሳስ ያነሣ ሰው አልነበረም።

ከፕሮግራሟ ውስጥ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። የተለወጠው ሲጠራ አቤት ያለው ነው። በላፕቶፑ ላይ የነበረው ፓይተን 3 ብቻ ስለ ሆነ ስሙ ሲጠራ የተነሣው እሱ ነው፤ በሰርቨሩ ላይ ግን ያለ ቁጥር «ፓይተን» ሲባል የሚነሣው ፓይተን 2.7 ነበር። በፓይተን 2 ሕግ ሙሉ ቁጥር ለሙሉ ቁጥር ሲካፈል ውጤቱም ሙሉ ቁጥር ነው፤ ሽራፊው ይጣላል። ስለዚህ 2,000 ለ30 ሲካፈል 66 ይሆናል፤ 66 በ13 ሲባዛ 858 ይመጣል። በፓይተን 3 ግን ያው የማካፈል ምልክት 66.666 እያለ ይቀጥላል። ሁለቱም ማሽኖች እንደየሕጋቸው ልክ ናቸው። የስሕተት ማስጠንቀቂያ ያልወጣውም ስለዚህ ነው።

እርግጥ አንድ ምልክት ታይቶ ነበር። በላፕቶፑ ላይ የሠራተኛው ቁጥርና ክፍያው ጎን ለጎን ይወጡ የነበሩት፥ በሰርቨሩ ላይ ሁለቱ በቅንፍ ተከበው፥ በመካከላቸውም ነጠላ ሰረዝ ገብቶ ወጡ። በአዲሱ እትም «ፕሪንት» የሚለው የማተሚያ ትእዛዝ የራሱ ቅንፍ ያስፈልገዋል፤ አሮጌው ግን ቅንፉን ከሚታተመው ነገር ጋር ይቈጥረዋል። ወጣቱ ይህን አይቶ «የመልክ ጉዳይ ነው» ብሎ አለፈው። ብዙዎቻችንም ብንሆን የምናልፈው ይመስለኛል።

እንዲህ ያለ ልዩነት ከየት መጣ? (ከዚህ በታች የውጭ አገሩን ታሪክ ስናወሳ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ፓይተንን የፈጠረው ጊዶ ቫን ሮሱም የተባለ የኔዘርላንድ ሰው ነው። በአምስተርዳም በሚገኝ የሒሳብና የኮምፒዩተር ምርምር ተቋም ሲሠራ፥ በ1989 የገና ዕረፍት ጀመረው፤ በየካቲት 1991 ለሕዝብ አወጣው። ስሙን ያገኘው ከእባቡ ከዘንዶ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን የተወሰደው ሞንቲ ፓይተን ከተባለ የእንግሊዝ የቴሌቪዥን አስቂኝ ዝግጅት ነው። ቫን ሮሱም የማካፈሉን ሕግ ጨምሮ አንዳንድ ነገሮችን ከመነሻው አሳስቶ እንደ ሠራቸው ውሎ አድሮ አመነ። የማካፈሉን ሕግ ለመለወጥ ሐሳብ የቀረበው በ2001 ነበር። ዳሩ ግን ብዙ ሺሕ ፕሮግራሞች በአሮጌው ሕግ ተጽፈው ስለ ነበረ እርማቱ ዋጋ ያስከፍላል። በታኅሣሥ ወር 2008 ፓይተን 3.0 ሲወጣ፥ አሮጌ ፕሮግራሞች እንዳሉ እንደማይሠሩበት እየታወቀ፥ ሆን ተብሎ ከቀድሞው ተለየ። አሮጌው መስመርም ወዲያው አልሞተም፤ የመጨረሻው 2.7 በ2010 ወጣ። የዕድሜው ፍጻሜ 2015 እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ተጠቃሚው ስላልተዘጋጀ በ2014 እስከ 2020 ድረስ ተራዘመለት። እንግዲህ ሁለት ሞክሼዎች በአንድ ቤት ከአሥር ዓመት በላይ አብረው ኖሩ ማለት ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከማካፈሉ ይልቅ የፊደሉ ነገር ይበልጥ ይነካናል። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 ሦስተኛው እትም ሲወጣ ነው። በዛሬው የተለመደ አጻጻፍ አንድ የእኛ ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ ሦስት ባይት ቦታ ይይዛል፤ የላቲኑ ፊደል አንድ ብቻ ነው። ፓይተን 2 ልዩ ምልክት ካልተደረገለት በቀር የሚቈጥረው ባይቱን እንጂ ፊደሉን አይደለም። «ሰላም» ስንት ፊደል ነው ብትሉት 9 ይላል። ፓይተን 3ን ብትጠይቁት 3 ይላል።

ይህ ሲያወሩት ያስቃል፤ በመዝገብ ላይ ሲደርስ ግን አያስቅም። ለስም 20 ቦታ ብቻ የሚሰጥ ቅጽ አለ እንበል። «ኃይለ ማርያም» ሰባት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ነው፤ በሰው ቈጠራ ስምንት ነው፥ ከቅጹ ይገባል። በባይት ሲቈጠር ግን 22 ይሆናል። አሮጌው ፓይተን 20 ላይ ሲቈርጠው «ኃይለ ማርያ» ካለ በኋላ የ«ም» ሲሶ ብቻ ይቀራል፤ በወረቀቱም ላይ ምንነቱ የማይታወቅ ምልክት ይወጣል። ባለስሙ ፓስፖርት ወይም የጡረታ ደብተር ፈልጎ የመጣ ሰው ቢሆን፥ የፕሮግራሙ ጸሐፊ የትኛውን እትም እንዳሰበ ቢነግሩት ምን ይጠቅመዋል?

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። ስም ሲጠራ ኮምፒዩተሩ ፈላጊውን የሚያገኘው እንዴት ነው? ትእዛዝ ሲጻፍለት፥ ፓዝ በሚባል ዝርዝር ውስጥ የተጻፉትን ማኅደሮች በተራ ይፈትሻል። መጀመሪያ ባገኘው ይረካል፤ ከኋላ ሌላ ሞክሼ ይኑር አይኑር አይጠይቅም። ስለዚህ «የትኛው ይነሣል?» ለሚለው ጥያቄ አንደኛው መልስ «ለበሩ የሚቀርበው» ነው። ሁለተኛው ነገር ደግሞ፥ በሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ላይ «ፓይተን» የተባለው ብዙ ጊዜ ራሱ አስተርጓሚው አይደለም፤ ሊንክ የሚባል የአቅጣጫ ሰሌዳ ነው። «እኔን የጠራ ወደ ፓይተን 2.7 ይሂድ» ብቻ ይላል። ሰሌዳውን ነቅሎ ወደ ሌላ ማዞር የአንድ መስመር ሥራ ነው። ደቢያንና ኡቡንቱ በተባሉት ሊኑክሶች ይህን ሰሌዳ የሚያስተዳድር «አፕዴት አልተርኔቲቭስ» የሚባል መሣሪያ አለ። ለየእትሙ የማዕረግ ቁጥር ይሰጣል፤ ማንም ካልነካው ቁጥሩ የበለጠው ይሾማል፤ አስተዳዳሪው በእጁ ከመረጠ ግን ምርጫው ይጸናል።

እንዲህ ቀላል መሆኑ ነው ወጣታችንን ያሳሳተው። በጥበቃው ፊት በማፈሩ ጥፋቱን ከሥሩ ሊነቅል ቈረጠ። የሰርቨሩን አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ለምኖ፥ ፓይተን 3ን አስገባ፤ ሰሌዳውንም ከ2.7 ነቅሎ ወደ አዲሱ አዞረው። ፕሮግራሟን አስነሣት፤ 866 ብር ከ67 ሳንቲም አለች። ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግሥቱ አስተዳዳሪው ሰርቨሩን ሊያድስ ቢሞክር አልሆነም። ሰርቨሩ ሰንት ኦኤስ 7 የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ነበር። በዚህ ዓይነት ላይ ፕሮግራም የሚያስገባውና የሚያወጣው ያም የተባለ መሣሪያ ነው፤ ያም ራሱ ደግሞ በፓይተን 2 የተጻፈ ነው። በመጀመሪያው መስመሩ ላይ «የሚያነበኝ ፓይተን ነው» ይላል፤ ቁጥር አልጠቀሰም። ሰሌዳው በመዞሩ አሮጌውን ጽሑፍ አዲሱ አስተርጓሚ አነሣው፤ ከጥቂት መስመር በኋላም «ይህ ቋንቋ ስሕተት ነው» ብሎ ጣለው። ከሁሉ የከፋው፥ የተበላሸ ነገር የሚጠገንበት መሣሪያ ራሱ የወደቀው መሆኑ ነው። ሐኪሙ ከበሽተኛው እኩል ተኛ።

በዚህ ስሕተት የወደቀው እሱ ብቻ አይደለም። በኡቡንቱ 18.04 ላይ ደግሞ «ፓይተን 3» የሚለውን ስም አብሮት ከመጣው ከ3.6 ወደ አዲስ እትም ያዞረ ሰው፥ ትእዛዝ የሚጻፍበት የተርሚናል መስኮት አልከፈት ይለዋል። መስኮቱን የሚከፍተው ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን 3 የተጻፈ ነው፤ የሚያስፈልገው መሣሪያም የተሠራው ለ3.6 ብቻ ነው። ሰውየው ጥፋቱን እንዳያርም መጻፊያው መስኮት ተዘግቶበታል። መውጫው ኮንትሮል፥ አልትና ኤፍ 3 የተባሉትን ቁልፎች አንድነት ተጭኖ፥ ሥዕል ወደሌለው ወደ ጥቁሩ መጻፊያ መሻገርና ሰሌዳውን ወደ ቦታው መመለስ ነው። ከዚህ እንደምናየው ነገሩ በሁለትና በሦስት መካከል ብቻ ያለ ጠብ አይደለም፤ በ3.6 እና በ3.8 መካከልም ያው ነው።

ሊኑክስን እያሰናዱ የሚያከፋፍሉት ድርጅቶች በዚህ የስም ነገር አንድ አልሆኑም። አርች ሊኑክስ በ2010 ከሁሉ ቀድሞ ስሙን ለፓይተን 3 ሰጠ። በ2011 የተጀመረው የፓይተን ሰዎች የምክር ሰነድ፥ ቁጥር 394 የሚባለው፥ ስሙ ለጊዜው ከፓይተን 2 ጋር ይቈይ አለ። ፌዶራ እስከ 2019 ጠብቆ በ31ኛው እትሙ ስሙን ለአዲሱ አዛወረ። ኡቡንቱ በ2020 ስሙን ለማንም ሳይሰጥ ተወውና የፈለገ ሰው እንዲመርጥ ሁለት ጥቃቅን ጥቅሎች አዘጋጀ፤ የአንደኛው ስም በአማርኛ ሲፈታ «ፓይተን ማለት ፓይተን 3 ነው» ይሆናል። የአዋጅ አርእስት ይመስላል። አፕልም በ2022 ከማክ ኮምፒዩተሮቹ አሮጌውን 2.7 ጨርሶ አወጣ።

ለእኔ ከሁሉ የበለጠ አስተዋይ የሆነብኝ ሬድ ሃት በ2019 በስምንተኛው እትሙ ያደረገው ነው። ኮምፒዩተሩ አዲስ እንደ ወጣ «ፓይተን» ብትሉት አቤት የሚል የለም፤ አስተዳዳሪው አስቦ ይሹም ተብሎ ክፍት ተትቷል። ለሥርዓቱ ለራሱ መሣሪያዎች የሚያገለግለው ፓይተን ደግሞ በሌላ ስም፥ በሌላ ክፍል፥ ከመንገደኛ እጅ ርቆ ተቀምጧል። ብዙ ሰዎች «ፓይተን የታለ?» እያሉ ማማረራቸው አልቀረም። ነገር ግን ለጥያቄው ዝም ማለት ያላሰቡትን አስነሥቶ 858 ብር ከማስከፈል ይሻላል እላለሁ።

የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ግን እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያልተደረገለት አሮጌው ዓይነት ነበር። የተጠራው ባለሙያ ሲደርስ ወጣቱ ላብ በላብ ሆኖ ቆሞ ነበር። ሰውየው አልተቈጣም። ሰሌዳውን ወደ 2.7 መለሰው፤ ያም ወዲያው ነቃ። ከዚያ በኋላ ወንበር ስቦ «ፓይተን የሚለው ስም በዚህ ማሽን ላይ የአንተ አይደለም» አለው። «ማሽኑ ሲሠራ ያንን ስም የጠሩ ብዙ ፕሮግራሞች አሉ፤ አንተ አታያቸውም። አዲሱን ከፈለግህ ከነቁጥሩ ጥራው።»

ከዚህ በኋላ ያሳየው ነገር ለማንኛውም ተማሪ የሚጠቅም ስለ ሆነ እነሆ። በፕሮግራሟ የመጀመሪያ መስመር ላይ «ፓይተን» የሚለውን «ፓይተን 3» አሰኘው፤ በሊኑክስ ላይ በራሷ ስትነሣ ይህ መስመር የሚያነባትን ይወስናል። ቀጥሎ ፕሮግራሟ ከጀመረች ወዲያው የአስተርጓሚውን ቁጥር ጠይቃ፥ ከ3 በታች ከሆነ ምክንያቱን ጽፋ እንድትቆም ሁለት መስመር አስጨመረው። ሦስተኛ፥ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን ቬንቭ የሚባል የተከለለ ማኅደር አሰናዳለት። ይህ ክልል ከ2012 ጀምሮ፥ ማለትም ከፓይተን 3.3 ጀምሮ፥ ከቋንቋው ጋር አብሮ ይመጣል። ሰው ወደ ክልሉ ሲገባ የክልሉ ማኅደር በፓዝ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ በዚያ ውስጥ ሳሉ «ፓይተን» ማለት የመረጡት እትም ነው። ሲወጡ ደግሞ ስሙ ለነባሩ ይመለሳል፤ የሥርዓቱ ሰሌዳ አይነካም። በዊንዶውስ ላይ ለሚሠሩም ከዚያው ከ3.3 ጀምሮ «ፓይ» የሚባል አስጠሪ አለ፤ ቀጥሎ የእትሙን ቁጥር ሲጽፉለት የተፈለገውን ያስነሣል።

ወጣቱ «ታዲያ አሮጌውን ለምን አናጠፋውም?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ባለሙያው ያምን በጣቱ አሳየውና ሳቀ። ያ ጥያቄ በጊዜው መልስ አገኘ፤ ፓይተን 2 በጥር 1 ቀን 2020 ጥገናው ቆመ፥ ሰንት ኦኤስ 7 ራሱም በሰኔ 2024 ዕድሜው አበቃ። ዛሬም ግን በየመሥሪያ ቤቱ ጓዳ ያልታደሱ ኮምፒዩተሮች ስላሉ፥ አዲስ ሥራ የተቀበለ ሰው ከማንኛውም ነገር በፊት ሁለት ነገር ቢጠይቅ አይጎዳም። አንደኛው «ፓይተን» ብሎ ቁጥሩን ማስነገር ነው። ሁለተኛው ማኅደሩን፥ ይኸውም አቤት ያለው ከየት ሆኖ እንደ መለሰ ማጣራት ነው። ሁለቱም ግማሽ ደቂቃ አይፈጁም።

የዚያ ወር ዝርዝር እንደ ገና ተሰላ። ጉድለቱ በሚቀጥለው ወር ተጨምሮ ሲከፈል ጥበቃው ብሩን ከመፈረማቸው በፊት ቈጠሩት፤ ከኪሳቸውም ያቺን ቁራጭ ወረቀት አውጥተው ከመዝገቡ ጋር አስተያዩዋት።